ፍንጭት

ሰኔ ነው፣ ሂርማታ፤ ቆርቆሮው ይጮኻል፣
አዌቱ ደፍርሶ ድልድዩን ይገፋል።
ከንባብ ቤቱ ጥግ፣ ባለሦስት እግር በርጩማ ላይ ሆኜ
መደርደሪያ እሠራለሁ፤ እንጨት ሳልነካ፣ በብርሃን ወጥኜ።

አራት ሺህ ሁለት መቶ ሰባት ነው ቁጥሩ፤
በስካነር መስታወት ገጽ በገጽ አደሩ።
መጀመሪያ የሠራሁት ልክ እንደተማርኩት፦
ርእስ፣ ደራሲ፣ ዓመት። አንድ መፈለጊያ ሳጥን። ቀሪውን ነጭ ተውኩት።

ኦቦ ሸምሱ አባ ዲጋ፣ የቤቱ ጠባቂ፣
ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ የተዋሰን ሁሉ በስሙ ጠያቂ፣
መነጽራቸውን አውልቀው፣ በኮታቸው ጫፍ ጠርገው፣
«ጥሩ ነው» አሉ፣ «ግን ሰው እንዲህ ብሎ አይጠይቅም» ሳጥኑን አይተው።

እውነታቸውን ነው።
ያቺ የቆጪ ልጅ፣ ዝናብ ስትሸሽ የገባች፣
«ያ ሰማያዊው፣ ወፍራሙ፣ ጀርባው የተሰነጠቀው» ነው ያለች።
ባጃጅ ነጂው ሙዘይን፦ «ከላይ፣ ከበሩ ሦስተኛ፣ ያንን የሚያስቀውን»፤
መምህርቷ አስካለ፦ «አምና ሳልጨርስ የመለስኩትን»።

አፈረስኩት በሌሊት።
መጻሕፍቱን አቆምኳቸው፣ ጀርባቸው ወደ ሰው፣ በቀለም፣ በውፍረት፤
ብዙ እጅ የነካው ጠርዙ እንዲሻክር፣ ያልተነካው እንዲያበራ በኩራት፤
ጣት ሲቀርብ በግማሽ ብድግ እንዲሉ፣ «ኖር!» እንደሚባል ለእንግዳ፣
ሲርቅም ቁጭ እንዲሉ በቀስታ፣ ጎረቤት ሳይጎዳ።

ጠዋት ታብሌቱን ሰጠኋቸው። ጣታቸው ደርቋል፤
በወረቀት ብዛት አሻራው ተልጧል።
ነኩት፣ አላወቃቸውም። ደገሙ፣ ዝም አለ።
እኔ አፈርኩ። መስታወት መቼ ሰው አስተዋለ?
እሳቸው ግን፣ በልማድ፣ አውራ ጣታቸውን ከምላሳቸው አስነክተው
ገጽ እንደሚገልጥ ሰው ዳበስ ሲያደርጉት፣
መጻሕፍቱ ብድግ አሉ፣ የድሮ ዘመዳቸውን አውቀው።

ሦስተኛው ረድፍ መሐል ሲደርሱ ጣታቸው አየር ላይ ቀረ።
«እዚህ ጋ ክፍት ነበር።» ድምፃቸው
ተሰበረ አልልም፤ ዝቅ ብሎ ነበረ።

ክፍት ነበር፣ እውነት። እኔ ነኝ የዘጋሁት።
ፕሮግራሙ ክፍተት አይወድም፤ ምስል ሲያጣ ጎረቤት ያስጠጋል፤
እኔም ለዚህ ጥበቡ አመስግኜው ነበር፣ አድንቄ የተውኩት።

ከመሳቢያ ካርድ አመጡ፤ ቀለሙ ወደ ሐምራዊ ዞሯል፦
ዘይነባ አባ ፊጣ። ቦሳ። ጥቅምት አሥራ አራት።
የመመለሻው ዓምድ ባዶውን ኖሯል።

«ጠፋ ልበለው?» አልኩ፣ በግራጫ ፊደል።
«‹ጠፋ› የሰነፍ ጠባቂ ቃል ነው» አሉ፣ «በእኔ ቤት አይባል።
የወለቀ ጥርስ አፍ ያስከድናል፣ ልጄ። ፍንጭት ግን አፍ ያስከፍታል፤
ስትስቅ ያየ ሰው ያውቃል።»

ማን ስትስቅ? አልጠየቅኩም።
ቆርቆሮው ላይ ዝናቡ ተናደ፤ እሳቸውም አልቀጠሉም።

ምንም የሌለበትን ለመሥራት አንድ ቀን ሙሉ ፈጀብኝ።
ምንም ቀላል አይደለም፤ ወርድ አምጪ፣ ጥላ አምጪ ይላል፤
ግራና ቀኙ ትንሽ እንዲያጋድል፣ ተደጋፊውን እንዳጣ ትከሻ፣
ስንቴ ሠርቼ አጠፋሁት፣ እስኪመሽ፣ እስኪደክመኝ።

አሁን ሦስተኛው ረድፍ ላይ፣ ከግራ ዘጠኝ ሲቆጠር፣
የአንድ መጽሐፍ ወርድ ያህል ጨለማ አለ። ለነካው ሰው ካርዱን ይሰጣል፤
ስም፣ ሰፈር፣ ቀን፣ ከዚያም በባዶው ዓምድ
አንዲት ጭረት ብልጭ ድርግም ትላለች፣ የሚጽፍ እጅ እንዳለ ሁሉ።

ከመዝጋቴ በፊት ከላይ ያለውን ቁጥር አየሁት፦
አራት ሺህ ሁለት መቶ ሰባት።
ሰባቱን ሰርዤ ስምንት አደረግኩት።
ኦቦ ሸምሱ ከኋላዬ ቆመው ነበር። ምንም አላሉ።
አውራ ጣታቸውን ላስ አድርገው
ወደሚቀጥለው ረድፍ አለፉ።